ከእንገር እስከ ፋፋ፦ የሕፃናት የመጀመሪያ ዓመት አመጋገብ ታሪክ ከአዊ ሲታይ



ዛሬ የማነሣው ርእስ በታሪክ ትምህርት ክፍሎች እምብዛም የማይነሣ ነው። የነገሥታትን ዘመቻ፣ የመሬት ሥሪትን፣ የሲራራ ንግድን መሥመር አጥንተናል። አንድ ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ዓመት ምን ይቀምስ እንደ ነበረ፣ ማን እንደሚያጎርሰው፣ ከምን ተሠርቶ እንደሚቀርብለት የሚጠይቀውን ጥያቄ ግን ለሐኪሞችና ለሥነ ምግብ ባለሙያዎች ትተንላቸዋል። እኔ ጥያቄው የታሪክም ጥያቄ ነው ብዬ እከራከራለሁ። የሕፃን ምግብ በቤት ውስጥ ስላለው ሀብት አከፋፈል፣ ስለ ሴቶች ጉልበት፣ ስለ ገበያና ስለ መንግሥት ፖሊሲ ብዙ የሚናገር ማስረጃ ነውና።

ዓመታትን በአብዛኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስጠቅስ «ዓ.ም.» ብዬ እለያለሁ።

ጥያቄው

የምንገኝበትን አገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከእንጅባራ ደጋ እስከ ዳንግላ ወይና ደጋ ድረስ ያለው ምድር ዝናብ የማይነፍገው፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ እንግዶና ድንች የሚያበቅል፣ ከብትና ንብ የሚረባበት ነው። የሰባት ቤት አገው ምድር በረሃብ ታሪካችን ውስጥ ስሙ ቀድሞ የሚጠራ አይደለም። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ የረሃብ ዘመናት የዓለም ዓይን ያረፈው በወሎና በትግራይ ላይ ነበር።

ይሁን እንጂ በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ውጤት ይህን ሥዕል ያናውጠዋል። ጥናቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩትን፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በታች የሆነውን ለክቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ ውጤቱ 38 በመቶ ነበር። በአማራ ክልል 46 በመቶ ሆኖ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ድርቅ በሚፈራረቅበት በሶማሌ ክልል ደግሞ 27 በመቶ ነበር። በአንጻሩ የመክሳት ችግር፣ ማለትም ክብደት ለቁመት ሲያንስ የሚታየው፣ በሶማሌ ክልል ከሁሉም የከፋ ነበር። ጥናቱ የሚወክለው ክልሎችን እንጂ ዞኖችን አይደለም፤ ስለዚህ እነዚህን አኃዞች የአዊ ናቸው ብዬ አላቀርብም። ለዛሬው ጥያቄ መነሻ ለመሆን ግን ይበቃሉ። እህል በብዛት የሚመረትበት ክልል ብዙ ሕፃናት የሚቀነጭሩበት ክልል ሊሆን የሚችለው እንዴት ነው?

መቀንጨር በአንድ የረሃብ ወቅት የሚመጣ አደጋ አይደለም። ቀስ በቀስ የሚገነባ ነው፤ በተለይ ከስድስተኛው ወር በኋላ፣ የእናት ጡት ብቻውን በማይበቃበት ጊዜ፣ በፍጥነት ይጨምራል። ስለዚህ መልሱን ፍለጋ ወደ ማሳው ከመሄዳችን በፊት ወደ ጓዳው እንግባ።

የቅቤው መንገድ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በኅዳር ወር 1770 ግሽ ዐባይ ደርሶ ነበር። ስለ ዳሞት አገዎች በጻፈው ክፍል የጎንደር ከተማና አካባቢዋ ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልጋቸውን ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ቆዳና ሰም በእጅጉ የሚያገኙት ከአገዎች እንደ ሆነ ይገልጻል። ነጋዴዎቹ በተከታታይ፣ በብዛት እየሆኑ ወደ ከተማይቱ ይጓዙ ነበር። ከዚህ ሁሉ እኔን የሳበኝ አንድ ትንሽ ዝርዝር ነው፤ ቅቤው በረጅሙ መንገድ እንዳይበላሽ ሞክሞኮ ብሎ የጻፈውን ካሮት መሰል ቢጫ ሥር ይጨምሩበት እንደ ነበር ይናገራል። ዛሬ እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ የሚጨምሩት መቅመቆ ማለት ነው።

ይህ ማስረጃ ስለ ሕፃናት አንዳች አይናገርም። የሚናገረው ስለ ቅቤ ነው። ቅቤ ከቤት የሚወጣ፣ መንገድ እንዲችል ተብሎ የሚሰናዳ፣ በሩቅ ከተማ ዋጋ ያለው ንብረት ነበር። ማርም እንዲሁ። በገበሬ ቤት ከሚመረተው ሁሉ ቶሎ ወደ ገንዘብ ወይም ወደ ግብር የሚለወጠው የእንስሳትና የንብ ውጤት ነው። በቤት የሚቀረው በአብዛኛው እህል ነው። ዛሬ ደግሞ እንቁላል በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ በገበያ ቀን ተሽጦ ጨው፣ ሳሙናና የትምህርት ቤት ደብተር ይገዛበታል። ይህን ልማድ እንደ ስስት የሚያይ ሰው የገጠርን ቤት ኢኮኖሚ አላወቀም። ጥሬ ገንዘብ በማይገኝበት ቤት እንቁላል ኪስ ነው።

በዚህ አካባቢ የተቀመጡ የውጭ ታዛቢዎችም ስለ ሕፃናት ምግብ የተዉልን ነገር ጥቂት ነው። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 መቀመጫውን ዳንግላ አድርጎ ኖሯል፤ በ1936 ያሳተመው መጽሐፍ ግን ዓላማው የጣና ሐይቅንና የዐባይን መልክዓ ምድር ማስረዳት ነበር። የጓዳውን ታሪክ ለመጻፍ የምንችለው ከሌላ ምንጭ ነው፦ ከልማዱ ራሱ፣ ከቃላቱ፣ ከአያቶች አንደበት።

እንገር፣ ለጋ ቅቤና ሙቅ

ከቃላት እንጀምር። አማርኛ ላም ከወለደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትሰጠውን ወፍራም፣ ብጫ ወተት እንገር ይለዋል። የእናትንም የመጀመሪያ ወተት በዚያው ስም ይጠራዋል። ቋንቋው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያይ ልማዱ ግን ለያይቷቸው ኖሯል። የላሟ እንገር ተፈልቶ ይበላል፤ እንደ ደስታ ምግብ ይቆጠራል። የእናት እንገር ግን በብዙ የአገራችን ክፍሎች የሕፃኑን ሆድ ይቆርጣል ተብሎ እየታለበ ይፈስ ነበር። በምትኩ ሕፃኑ ለጋ ቅቤ ይልሳል፤ ወይም ውኃ በስኳር፣ አንዳንድ ቦታ የአብሽ ውኃ ይሰጠዋል።

ይህን ልማድ አላዋቂነት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ልማዱ በምን ሐሳብ እንደ ቆመ መጠየቅ አለበት። ቅቤ በዚህ ባህል ውስጥ የክብር ነገር ነው፤ የሙሽራ ራስ የሚቀባው፣ አራስ የምትታሽበትና ገንፎዋ የሚዋጥበት ነው። ለአዲስ እንግዳ ቅቤ ማላስ ከቤቱ ምርጡን ማቅረብ ነበር፤ ጉሮሮውን ያለሰልሳል፣ አንጀቱን ይከፍታል ተብሎም ይታመን ነበር። ዛሬ በሕክምና እንደምናውቀው እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት የያዘ በመሆኑ የመጀመሪያ ክትባቱ ያህል ነው፤ ከጡት በፊት የሚሰጥ ማንኛውም ነገር ግን ተሕዋስያንን ሊያስገባና ጡት መጥባትን ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ ልማዱ ጎጂ ነበር። ከልማዱ በስተ ጀርባ የነበረው ፍላጎት ግን ለልጁ ከሁሉ የተሻለውን መስጠት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥርዓት የምታውቁት ነው። ሕፃኑ ባለቀሰ ጊዜ ሁሉ ይጠባል፤ ከእናቱ ጀርባና እቅፍ አይለይም፤ ሌሊት አብሯት ይተኛል። ጡት ማጥባት ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። በዚህ በኩል የኢትዮጵያ እናት ከብዙ አገር እናቶች ትበልጣለች። ተጨማሪ ምግብ ሲጀመር የሚቀርበው ከእህል ዱቄት የሚሠራ ሙቅ ወይም አጥሚት ነው፤ ከዚያ ገንፎ፣ ቀጥሎም ከቤተሰቡ ገበታ የሚቀነስ ፍትፍት ይከተላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት እንሥራ። ስምንት ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በጠቅላላው ወደ 240 ሚሊ ሊትር። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለ ሕፃን ከጡት በተጨማሪ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር ያለው ደግሞ 300 ያህል ያስፈልገዋል። በ100 ሚሊ ሊትር ቀጭን ሙቅ ውስጥ 8 ግራም ዱቄት ቢኖር የሚገኘው ኃይል 28 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ሕፃኑ ሆዱ እስኪነፋ ቢጠጣ 67 ያህል ያገኛል። ጠግቧል፤ ግን አልተመገበም። አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ፣ 5 ግራም ያህል፣ ብቻውን 36 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ከአንድ መቶ ሚሊ ሊትር ሙቅ የበለጠ ማለት ነው።

እንግዲህ የዚህን ታሪክ ምጸት ተመልከቱ። ቅቤው ለሕፃኑ የሚቀርብለት በተወለደ ቀን፣ በማያስፈልገው ሰዓት ነበር። በስድስተኛው ወር፣ በእርግጥ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ ቅቤው ገበያ ወጥቷል። አበው «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ያሉት ላም ስለሌለው ሰው ነው፤ ከደጃፉ ላም ታስሮ ወተቷን ለማያየውም ይሠራል።

የተሻረው ሕፃንና የፕሮቲን ዘመን

በ1930ዎቹ በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ሲሲሊ ዊሊያምስ የምትባል ሐኪም ሰውነታቸው የሚያብጥ፣ ፀጉራቸው የሚቀላ፣ ቆዳቸው የሚላላጥ ሕፃናትን ሕመም መርምራ ጻፈች። በ1935 ለዓለም ሕክምና ያስተዋወቀችበት ስም ከጋ ቋንቋ የተወሰደው ኳሺዮርኮር ነው። ቃሉ ታናሽ ሲወለድበት ከጡት የተሻረ ሕፃን የሚይዘውን ሕመም ያመለክታል። የአካባቢው ሰዎች ሕመሙን የሰየሙት በማኅበራዊ መንሥኤው ነበር፤ በእናት እቅፍ ውስጥ ባለው የቦታ ለውጥ።

የዓለም ሳይንስ ግን ስሙን ወስዶ ትርጉሙን ተወው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ችግሩ የፕሮቲን እጥረት ነው የሚለው አስተሳሰብ ሰፈነ። መልሱም በፋብሪካ የሚመረት በፕሮቲን የበለጸገ ዱቄት ሆነ፤ የጓቲማላው ኢንካፓሪና የዚህ ዘመን ዝነኛ ምሳሌ ነው። ኢትዮጵያም በዚሁ መንገድ ተጓዘች። በ1958 የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጥምር ኮሚቴ ከኢትዮጵያ ጋር ሆኖ አገር አቀፍ የሥነ ምግብ ቅኝት አደረገ። በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ጉናር ኦግሬንና ሮዛሊንድ ጊብሰን ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሠንጠረዥ በ1968 ታተመ፤ ጤፋችን፣ ሽሯችን፣ ገብሳችን በውስጣቸው ምን ያህል ብረት፣ ካልሲየምና ፕሮቲን እንዳላቸው በቁጥር የተጻፈበት መሠረታዊ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ክፍሉ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ተቋሙ በ1995 ከጤና ምርምር ተቋም ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ተባለ፤ ዛሬ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው የእሱ ወራሽ ነው።

ከዚህ ተቋም የወጣው፣ ሁላችሁም በስም የምታውቁት ሥራ ፋፋ ነው። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ቅባቱ የወጣለት አኩሪ አተር፣ የዱቄት ወተት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተቀላቅለው የተሠራ የሕፃናት ዱቄት ነው። ስሙ በራሱ ምኞት ነው፤ ልጅ ፋፋ ሲባል ወዙ መጣ፣ አካሉ ሞላ ማለት ነውና። ፋፋ የአገር ውስጥ እህልን መሠረት አድርጎ፣ በአገር ውስጥ ፋብሪካ፣ ለአገር ልጆች የተሠራ ምግብ በመሆኑ በኢትዮጵያ የሳይንስ ታሪክ ውስጥ ክብር የሚገባው ሥራ ነው። በረሃብ ጊዜያትም በእርዳታ ምግብነት አገልግሏል።

ሆኖም በታሪክ ሚዛን ስንመዝነው የፋፋ ወሰን ከቀመሩ ሳይሆን ከዋጋው የመጣ ነው። ፋፋ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ የታሸገ ዕቃ ነበር። የባንጃ ወይም የፋግታ ለኮማ ገበሬ ቤት ስንዴና ሽምብራውን ሸጦ፣ በገንዘቡ የስንዴና የሽምብራ ዱቄት ገዝቶ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ፋፋ በገበያ መንገድ ይበልጥ የደረሰው ለከተማው ነዋሪ፣ በእርዳታ መንገድ ደግሞ ለተራበው ነበር። በመካከል ያለው፣ እህል ያለው ነገር ግን ገንዘብ የሌለው ሰፊው ገበሬ ከሁለቱም ውጭ ሆነ። አዊ ያለው በዚህ መካከል ነው።

በ1974 ዶናልድ ማክላረን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የፕሮቲኑን ዘመን በብርቱ ተቸ። ብዙዎቹ ሕፃናት የሚያንሳቸው ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን ምግቡ ራሱ፣ ኃይሉ፣ ብዛቱ ነው የሚል ክርክር ነበር። ያ ዓመት በእኛ አገር የወሎ ረሃብ ከተጋለጠ በኋላ ንጉሣዊው ሥርዓት የወደቀበት፣ 1966 ዓ.ም. ተጠናቆ 1967 ዓ.ም. የተጀመረበት ነው። ሁለቱ ክስተቶች አንዱ ከሌላው የመጣ አይደለም፤ ሁለቱም ግን የምግብ ጥያቄ በፋብሪካ ቀመር ብቻ እንደማይዘጋ አሳይተዋል።

ጡጦና ዓለም አቀፉ ደንብ

ከዱቄቱ ጎን ለጎን የጡጦም ታሪክ አለ። ሲሲሊ ዊሊያምስ ራሷ በ1939 በሲንጋፖር ባደረገችው ንግግር የታሸገ ወተት ለሕፃን ተስማሚ ነው እያሉ ማስታወቅን ከግድያ ጋር አመሳስላ አውግዛለች። ክርክሩ አርባ ዓመት ያህል ፈጅቶ በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ተተኪዎችን ግብይት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ደንብ አጸደቀ። 118 አገሮች ደገፉ፤ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች፤ ሦስት አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያም የዱቄት ወተት ግብይትን የሚገዛ የራሷን መመሪያ አውጥታለች።

ይህ ጉዳይ በአዊ ገጠር ዋነኛ አይደለም፤ ስለዚህ ብዙ አልቆይበትም። በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች ግን ደመወዝተኛዋ እናት ቁጥሯ እየጨመረ ነው። ለእሷ ጡጦ የምርጫ ጉዳይ ሳይሆን የሥራ ሰዓት ጉዳይ ይሆናል። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

የትምህርቱ ዘመንና ሁለቱ አኃዞች

በ2001 የዓለም ጤና ጉባኤ ሕፃናት ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ እንዲጠቡ የሚል አቋም ያዘ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ምክር ከአራት እስከ ስድስት ወር የሚል ነበር። ኢትዮጵያ በ2004 የጨቅላና የሕፃናት አመጋገብ ብሔራዊ ስትራቴጂ አወጣች። ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን በመመደብ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞችን አሰማርቷል። በዚህ ዘመን ችግሩ በዋናነት የእናት እውቀት ማነስ ተደርጎ ተወሰደ፤ መልሱም ትምህርት ሆነ።

ትምህርቱ ምን አመጣ? እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አኃዞችን ጎን ለጎን እንድታዩ እጋብዛችኋለሁ፤ የዛሬው ክርክሬ በእነሱ ላይ ቆሟልና።

የመጀመሪያው ከጡት በፊት ሌላ ነገር መስጠትን የሚመለከት ነው። በ2005ቱ ጥናት ከአሥር ሕፃናት ሦስት ያህሉ፣ 29 በመቶ፣ ከጡት በፊት ሌላ ነገር ቀምሰዋል። በ2016 ይህ ወደ 8 በመቶ ወረደ። በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የጀመሩ ሕፃናትም በ2011 ከነበረበት 52 በመቶ በአምስት ዓመት ውስጥ 73 በመቶ ደረሱ። በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ነው የምንለው ልማድ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ተቀየረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ያሉ ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም ዝቅተኛውን በቂ ምግብ ያገኙ እንደ ሆነ የሚለካው ነው። በ2011 ይህን ያሟሉት 4 በመቶ ነበሩ። በ2016 7 በመቶ። ያው ባለሙያ፣ ያው ቤት፣ ያቺው እናት፤ ውጤቱ ግን እጅግ የተለያየ።

እናቶች አይሰሙም፣ ባህል አይለወጥም የሚለው አባባል በመጀመሪያው አኃዝ ውድቅ ይሆናል። ሰምተዋል፤ ተለውጠዋል። እንገርን ላለማፍሰስና ቅቤ ላለማላስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜም አይወስድም። የሚጠይቀው እውቀትና የአማቶች ይሁንታ ነው። ወፍራም ገንፎ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ትኩስ አድርጎ መሥራት፣ እንቁላልና ወተት መጨመር፣ አጠገቡ ተቀምጦ በትዕግሥት ማጉረስ ግን እንጨት፣ ውኃ፣ ገንዘብ፣ ከሁሉም በላይ የእናት ሰዓት ይጠይቃል። እውቀት ብቻ የሚያስፈልገው ተለወጠ፤ ከእውቀት በላይ የሚያስፈልገው ባለበት ቆመ።

ጊዜና ድርሻ

ስለዚህ የጎደለን ታሪክ የሁለት ነገሮች ታሪክ ነው፤ የጊዜና የድርሻ።

ስለ ጊዜ ስናስብ ባህሉ ራሱ አንድ መፍትሔ እንደ ነበረው እናስታውስ። የአራስነት ሥርዓት እናትን ከሥራ ያሳርፍ ነበር፤ እንደ አቅሙ ወንዱ እስከሚጠመቅበት እስከ አርባኛው፣ ሴቷ እስከምትጠመቅበት እስከ ሰማንያኛው ቀን። ጎረቤት ገንፎ ያገነፋል፤ ዘመድ ውኃ ይቀዳል። ይህ ጥበቃ ግን የሚያበቃው ሕፃኑ ጡት ብቻ በሚጠባበት ጊዜ ነው። በስድስተኛው ወር፣ ለሕፃኑ ብቻ የሚሆን ሌላ ድስት መጣድ ሲያስፈልግ፣ እናቱ ከአረም፣ ከገበያ፣ ከእንጨት ለቀማና ከውኃ ጉዞ መካከል ናት። ዘመናዊው ሕግም ከዚህ ብዙ አልራቀም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 ወደ 90 ቀን አሳደገው። እሰየው የሚያሰኝ እርምጃ ነው። ነገር ግን መንግሥት በጤና ፖሊሲው 180 ቀን ጡት ብቻ አጥቢ ሲል በሥራ ሕጉ የሚሰጣት ግማሹን ነው። የቀሩት 90 ቀናት የማን ናቸው? ለገጠሯ እናት ደግሞ ፈቃድ የሚሰጣት አዋጅ የለም።

ስለ ድርሻ ስናስብ ደግሞ የቤቱን ሀብት ብቻ ሳይሆን የዓመቱን አቆጣጠር እንመልከት። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ከጾም ነፃ አድርጋለች፤ በሰባት ዓመት ያልደረሰ ልጅ እንዲጾም አይገደድም። ችግሩ ሥርዓቱ ሳይሆን የወጥ ቤቱ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ በሚጾምበት ጊዜ ለአንድ ሕፃን ብቻ እንቁላል መቀቀል፣ ዕቃ እንዳይነካካ መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ እናቶችም ይህን ይፈራሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ስድስት ወሩን በጾሙ መግቢያ የሞላ ሕፃን ለፋሲካ ስምንት ወር ሊሞላው ይቃረባል፤ ተጨማሪ ምግብ የሚለምድባቸው ሁለቱ ዋና ወራት ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ሊያልፉ ይችላሉ። ካህናት በስብከታቸው የሕፃን ድስት ከጾም ነፃ ነው ቢሉ ከብዙ ፖስተር ይልቅ ይሰማሉ።

በቤት ያለውን እውቀትም አንርሳ። ለጠላ ብቅል የምታበቅል እናት ብቅል ወፍራም ገንፎን እንደሚያቀጥን በልምድ ማወቅ ትችላለች፤ ጥቂት የብቅል ዱቄት በተበሰለ ገንፎ ላይ ሲጨመር ገንፎው ይለሰልሳል። ስለዚህ ብዙ ዱቄት ይዞም ሕፃኑ ሊውጠው ይችላል። በታንዛንያ ተመራማሪዎች በዚሁ መርሕ ላይ ሠርተዋል። ከገበያ የሚገዛ ነገር አያስፈልገውም።

ማጠቃለያ

ያቀረብሁት ክርክር በአጭሩ ይህ ነው። ላለፉት ስድሳ ዓመታት የሕፃናት አመጋገብ ችግር ሁለት ጊዜ ተሰይሟል። በመጀመሪያ የፕሮቲን ማነስ ተባለ፤ ፋብሪካ ተሠራ። ቀጥሎ የእውቀት ማነስ ተባለ፤ ትምህርት ተሰጠ። ሁለቱም አንድ አንድ እርምጃ አስኪደውናል፤ አገር አቀፉ የመቀንጨር መጠን በ2000 ከነበረበት 58 በመቶ በ2016 ወደ 38 መውረዱ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ አዊ ባለ፣ ቅቤው ከብሩስ ዘመን ጀምሮ ወደ ሌላ ገበታ በሚጓዝበት አገር ግን የቀረው ችግር የእናት ጊዜና የሕፃኑ ድርሻ ነው። ይህን በስሙ እስካልጠራነው ድረስ እናቲቱን መውቀሳችንን እንቀጥላለን።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል ጤና ባለሙያ፣ መምህር፣ የግብርና ሠራተኛ የሚሆኑ አሉ። የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ አንድ አስቸኳይ ሥራ አለባችሁ። ሙቁ ከምን እህል ይሠራ እንደ ነበር፣ በድንጋይ ወፍጮ ዘመን እናት ለመፍጨት ስንት ሰዓት ታጠፋ እንደ ነበር፣ የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ያ ሰዓት ወዴት እንደ ሄደ፣ የእንቁላሉን ገንዘብ ማን ይይዝ እንደ ነበር የሚያስታውሱ አያቶች በየቤታችሁ አሉ። በአማርኛም በአውኚም ጠይቋቸው፤ መዝግቡ። ይህ ምስክርነት በየትኛውም ቤተ መዛግብት አይገኝም። ለጤና ፖሊሲ አውጪው የሚጎድለውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም አንዲት እናት ለምን እንዳላደረገች ከመጠየቁ በፊት ምን ሰዓት ላይ ልታደርገው ትችል እንደ ነበር ማወቅ ይኖርበታል።